«ይህን ሱቅ የማታውቁት ካላችሁ እወቁት»፦ በማኅበራዊ ትስስር ገጾች የሚሰራጭ ጽንፈኛ ይዘትን የሚቆጣጠረው ማን ይሁን?

ጥያቄ፦ የግሩፕ አድሚን፣ አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በአንዲት የአገራችን ከተማ ተወላጆች ስም የተከፈተ የፌስቡክ ግሩፕ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር አስተዳድራለሁ። አባሎቻችን ከአሥር ሺሕ በላይ ሲሆኑ፣ የሚበዙት እዚያው ከተማና አዲስ አበባ፣ የቀሩት ደግሞ በዋሽንግተን፣ በዱባይና በቴል አቪቭ ይኖራሉ። ግሩፑን የከፈትነው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች እንዲገናኙ፣ ልቅሶና ሠርግ እንዲነጋገሩ፣ ለታመመ ሰው መዋጮ እንዲያሰባስቡ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም በዚሁ ሥራ ላይ ቆይቷል።

ከወራት በፊት፣ ከተማዋ ውጥረት ላይ በነበረችበት ሳምንት፣ አንድ አባል ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ፎቶግራፍ ለጠፈ። ፎቶው የአንድ ተራ ሱቅ ነው፤ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፣ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፣ ደጃፉ ላይ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ከፎቶው በላይ የተጻፈው «ይህን ሱቅ የማታውቁት ካላችሁ እወቁት» የሚል ብቻ ነው። ስድብ የለበትም፣ የብሔር ስም የለበትም፣ «ግደሉ» ወይም «አባርሩ» የሚል ቃል የለበትም። ከሥሩ የተሰጡት አስተያየቶች ግን ባለሱቁ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ ይዘረዝሩ ነበር። አንዱ «የሚያድረውስ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «እዚያው ከሱቁ ጀርባ» ሲል መለሰለት።

እኔ ያየሁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ወዲያው ከግሩፑ ሰረዝሁት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሰዎች ፎቶውን አውርደው በየገጻቸው ለጥፈውት፣ ወደ ቴሌግራም ቻናሎችም ተሻግሮ ነበር። ያገኘኋቸውን ግልባጮች አንድ በአንድ ሪፖርት አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን የደረሰኝ ምላሽ፣ ልጥፉ የኩባንያውን መመሪያ እንደማይጥስ የሚገልጽ ነበር። ባለሱቁ በማግስቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከከተማው ወጥቷል። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። ሱቁ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይመለከተዋል ወይ? ኩባንያዎቹን የሚያስገድድ ነገርስ በሕጋችን ውስጥ አለ ወይ? ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ቁጥጥሩን ያጥብቅልን ብዬ ለመጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ሆኖም ቁጥጥር በተባለ ቁጥር ኢንተርኔት ሲዘጋ ስላየሁ አፌ ይያዝብኛል። ሕግ የምታውቁም፣ በሥራው ላይ የነበራችሁም፣ በውጭ አገር ያለውን አሠራር የምታዩም ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጠያቂ፣ ባለሱቁና ቤተሰቡ በደኅና መውጣታቸውን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ወደ ሕጉ ልግባ።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት የጥላቻ ንግግር ማለት በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ምክንያት፣ በአንድ ሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ሲሆን፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ተፈጽሞ ከሆነ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል።

እርስዎ የጠቀሱት ልጥፍ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል ወይ? ጽሑፉ ለብቻው ቢነበብ አይወድቅም፤ የማስታወቂያ ጽሑፍ ነው ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። ነገር ግን ንግግር ለብቻው ተነጥሎ አይመዘንም። በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘጋጀው፣ ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግር የሚለይበት የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ስድስት መመዘኛዎች አሉት፤ እነዚህም ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተሰሚነት፣ ዓላማው፣ የንግግሩ ይዘትና ቅርጽ፣ የሥርጭቱ ስፋት፣ እንዲሁም ጉዳት የማድረሱ ዕድልና የጉዳቱ ቅርበት ናቸው። የሱቁን ፎቶ በእነዚህ ይመዝኑት። ሁኔታው ከተማዋ የተጨነቀችበት ሳምንት ነው። ሥርጭቱ ከአሥር ሺሕ በላይ ሰው የሚያይበት ግሩፕ ነው። ቅርበቱ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ «የሚያድረውስ የት ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ምላሽ የተሰጠበት ልጥፍ ከአድራሻ ጥቆማ አይለይም። እኔ ዐቃቤ ሕግ ብሆን ፎቶውን ከነአስተያየቶቹ አንድ ላይ አድርጌ ነበር የማቀርበው። አስተያየት ሰጪዎቹንም ለይቼ አላልፋቸውም።

ኩባንያዎቹን በሚመለከት፣ አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ እንዳይሰራጭ ጥረት እንዲያደርጉ፣ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥም እንዲያነሡ ግዴታ ይጥላል። ይህን ግዴታ ባይወጡ ግን አዋጁ ያስቀመጠው ቅጣት የለም። ልጥፉን የጻፈው ሰው ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ልጥፉን ለሺዎች ያደረሰው ኩባንያ ሦስት ቀን ቆይቶ «መመሪያችንን አይጥስም» ቢል የሚደርስበት ነገር የለም። የአዋጁ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጥፉን መሰረዝዎ ተገቢ ነበር፤ ከመሰረዝዎ በፊት ግን የልጥፉን ሊንክ፣ የለጣፊውን የገጽ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ አስተያየቶቹንም በሙሉ በስክሪንሾት ይያዙ። ፍርድ ቤት የምንሸነፍባቸው ብዙ መዝገቦች የሚሸነፉት ማስረጃው አስቀድሞ በመጥፋቱ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የይዘት መርማሪ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ እንዲህ ያሉ ልጥፎች በፊቴ ያለፉባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። ከአገር ውጭ በሚገኝ አንድ የይዘት መመርመሪያ ድርጅት ለሁለት ዓመት ያህል የአማርኛ ልጥፎችን እየመረመርሁ ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። «መመሪያችንን አይጥስም» የሚለው ምላሽ ከየት እንደሚመጣ ግን ልነግርህ እችላለሁ።

ለአንድ ልጥፍ የሚሰጠን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው በአብዛኛው ልጥፉ ብቻ ነው፤ አስተያየቶቹን ለማየት ሌላ ገጽ መክፈት ያስፈልጋል፣ ሌላ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የዕለቱ ኮታ ይጎድላል። የአንተ የሱቅ ፎቶ በእኔ ወረፋ ቢመጣ ኖሮ፣ አረንጓዴ በርና ጄሪካን አይቼ፣ ጽሑፉን አንብቤ፣ የንግድ ማስታወቂያ ነው ብዬ የማሳልፍበት ቀን ሊኖር ይችል ነበር። ይህን ስጽፍልህ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ግን በአምስት ሰከንድ ይገባዋል፤ ያ ሱቅ የማን እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ምን ይወራ እንደነበር ያውቃላ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ከእኛም ይብሳል። አማርኛ በአንድ ግሥ ላይ ብዙ ነገር ይቀጥላል፤ «እናጠፋቸዋለን»፣ «ካላጠፋናቸው»፣ «ሳይጠፉ»፣ «የሚያጠፋቸው» ለእኔና ለአንተ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ቃል ለቃል ለሚያመሳስል ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ ባዕድ ነው። ሰዎች በ«ሀ» ፈንታ «ኀ» ይጽፋሉ፣ በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ያስገባሉ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። በሌላ በኩል «አረም» የሚለው ቃል ሰውን ለማዋረድ ስለዋለ ማሽኑ ቃሉን ይፈራዋል። አንድ ቀን በእኔ ወረፋ የመጣው በጥላቻ ንግግር የተጠረጠረ ልጥፍ ለጤፍ ገበሬዎች የተሰጠ ምክር ነበር፤ «አረሙን ዘር ሳይጥል ነቅላችሁ አቃጥሉት» ይላል። ከሥሩም የማሳ ፎቶ አለ። ያንን ልጥፍ መለስሁት፤ በዚያው ሰዓት ግን ሰውን አረም የሚሉ ስንት ልጥፎች በላቲን ፊደል ተጽፈው እንዳለፉ አላውቅም።

ኩባንያው ራሱ በአንድ ልጥፍ ላይ ስንት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚለውጥ በአደባባይ የታየ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ራያ ቆቦ ውስጥ ተፈጸመ ስለተባለ ግፍ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ ጽሑፉ የአካባቢው የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎች በግፉ ተባባሪ ነበሩ ሲል ማረጋገጫ ሳያቀርብ ይወነጅላል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ጽሑፉን አነሣው፤ ጉዳዩ ኩባንያው ራሱ ባቋቋመው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሲያዝ ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው፤ ቦርዱ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መነሣት ነበረበት አለ። ማረጋገጫ የሌለው ወሬ በጦርነት መካከል ሲሰራጭ ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችልም ገለጸ፤ ሜታ መድረኮቹ በኢትዮጵያ ለጥላቻ ንግግር እንዴት እንዳገለገሉ በገለልተኛ ወገን እንዲያስጠና ምክር ሰጠ። አንድን ጽሑፍ በእርጋታ ለመመዘን ወራት ከፈጀ፣ መርማሪዋ በአንድ ደቂቃ እንዴት ትመዝነው?

ስለዚህ ሕግ ስትጠይቁ ከ24 ሰዓቱ ጋር አብራችሁ ሰው ጠይቁ። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ አካባቢውን የሚያውቅ፣ ቁጥሩ በይፋ የሚገለጽ፣ የሚያርፍበት ጊዜና የሚታከምበት ዋስትና ያለው ሰው። እኔ ሥራውን የተውሁት ሌሊት መተኛት ስላቃተኝ ነው።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ተወልጄ ያደግሁት ቂርቆስ ነው፤ አሁን የምኖረው ጀርመን አገር ነው። በውይይቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ እንዳይታዩ እሰጋለሁ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አሰራጨ። ከሟቾቹ መካከል የሰፈራችን ልጆች ነበሩ። መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ዘመድ ይጠራል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ እናት ብቻዋን ሆና አትሰማም። ያን ጊዜ ግን ቤተሰብ የልጁን ፊት ከገዳዮቹ ቪዲዮ ላይ ለየ። ቪዲዮውም ከዚያ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ፤ በሐዘን የሚልኩት ነበሩ፣ ለማስፈራራት የሚልኩትም ነበሩ።

ይህን ዓይነቱን ይዘት ማሽን ሊይዘው ይችላል፤ ያ አንድ ፋይል ነውና። ፌስቡክ፣ ማይክሮሶፍት፣ ትዊተርና ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባቋቋሙት የጋራ መድረክ አማካይነት አባል ኩባንያዎች የታወቁ የሽብር ቪዲዮዎችን ዲጂታል አሻራ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ገና ሲጫን እንዲያግደው ማለት ነው። ፍጹም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ 51 ሙስሊሞች በሁለት መስጊዶች ሲገደሉ፣ ገዳዩ 17 ደቂቃ ያህል በፌስቡክ ላይቭ አሰራጭቶታል። የመጀመሪያው የተጠቃሚ ጥቆማ ለኩባንያው የደረሰው ሥርጭቱ ከጀመረ ከ29 ደቂቃ በኋላ ነበር። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 1.5 ሚሊዮን ግልባጮችን እንዳነሣ ገልጿል፤ ከእነዚህም 1.2 ሚሊዮኑ ገና ሲጫኑ የታገዱ ናቸው። የቀሩት ሦስት መቶ ሺሕ ግልባጮች ግን ሰው ዓይን ዘንድ ሊደርሱ የሚችሉ ነበሩ።

የሱቁ ፎቶ ከዚህ ይለያል። አሻራ የለውም፤ ትርጉሙ ያለው ከፎቶው ውጭ ነው። ለቪዲዮው የወጣን ሕግ ለሱቁ ልጥፍ እንዳለ ብንጠቀምበት ብዙ ንጹሕ ንግግር አብሮ ይሄዳል። ፈረንሳይ ይህን አይታዋለች፤ ኩባንያዎች የጥላቻ ይዘትን በ24 ሰዓት እንዲያነሡ የሚያስገድደውን ሕግ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሽሮታል፤ ምክንያቱም ቅጣት የሚፈራ ኩባንያ አጠራጣሪውን ሁሉ ማጥፋቱ አይቀርም። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአንድ ሰዓት ገደብ የሚመለከተው የሽብር ይዘትን ብቻ ነው።

እዚህ ጀርመን ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ በግልጽ ሕገ ወጥ ለሆነ ይዘት 24 ሰዓት፣ ለሚያጠራጥረው ደግሞ ሰባት ቀን ይሰጥ ነበር፤ መቀጮው እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርሳል። እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን በጀርመን ምድር ደብዳቤ የሚቀበል ተወካይ እንዲሰይሙ ማስገደዱን ነው። ዛሬ ቦታውን የያዘው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከ45 ሚሊዮን በላይ የአውሮፓ ተጠቃሚ ያላቸው ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ የኅብረቱ ቋንቋ ስንት መርማሪ እንዳሰማሩ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ ጥሰቱ እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው 6 በመቶ ያስቀጣል። የማልታን ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ቢሆንም ስንት መርማሪ እንዳለው በሪፖርቱ ይታወቃል። አማርኛ የኅብረቱ ቋንቋ ስላልሆነ እኔና ልጆቼ ፍራንክፈርት ተቀምጠን በአማርኛ ለምናነበው ነገር ስንት ሰው እንደተመደበ ማንም የመንገር ግዴታ የለበትም። ከላይ የጻፉት የቀድሞ የይዘት መርማሪ እህቴ ያነሡት ጥያቄ በሕግ ሊመለስ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ የሚያስገድድ ወገን እስካለ ድረስ።

መልስ፦ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ አዲስ አበባ

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ልዩነቴን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ታናሽ ወንድሜ ፌስቡክ ላይ በጻፈው አንድ ጽሑፍ ምክንያት ተይዞ ለአምስት ሳምንት ያህል ታስሮ ያለ ክስ ተለቋል። ጽሑፉ የአንድን መሥሪያ ቤት አሠራር የሚተች እንጂ የማንንም ብሔር ወይም ሃይማኖት የሚነካ አልነበረም። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ከከረመች ወዲህ «ቁጥጥር ይጥበቅ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው የሚቆጣጠረውን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለውን ነው።

ጠያቂው የጠቀሱት ኢንተርኔት መዝጋትም ሊዘነጋ አይገባም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆየ፤ የጥላቻ ንግግር አዋጁ ከጸደቀ አምስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውዝግብ በተነሣ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ዘለቁ። በዚያ ጊዜ ጥላቻ የሚነዙት ሰዎች ዝም አሉ ወይ? ቪፒኤን ጭነው ቀጠሉ። በቴሌግራም ልብስ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድገው የአክስቴ ልጅ ግን ደንበኞቿን አጣች። ከሁሉ የሚከፋው፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ «ይህን ሱቅ እወቁት» የሚለው ወሬ በአፍ መሄዱ አይቀርም፤ ባለሱቁን «ውጣ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው የወዳጅ መልእክት ነው ሳይደርስ የሚቀረው።

ማንሣት ብቻውን መፍትሔ እንዳይመስለንም እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ ጽንፈኛ ይዘትን በማሽን ማጽዳት ሲጀምር፣ በሶርያ የተፈጸሙ ግፎችን የሚያሳዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች አብረው ተነሥተዋል፤ እነዚያ ቪዲዮዎች ነገ በፍርድ ቤት ምስክር ይሆናሉ ተብለው የተቀመጡ ነበሩ። በአገራችን ጦርነት ጊዜም ብዙ ግፍ የታወቀው በስልክ ተቀርጾ በወጣ ቪዲዮ ነው።

እኔ ሕግ እንዲነካው የምፈልገው ሌላ ቦታ አለ። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካ ምክር ቤት ምስክርነቷን ስትሰጥ ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች፤ የምስክርነቷ ፍሬ ነገርም ኩባንያው ሰዎችን ይበልጥ የሚያነጋግር፣ አስተያየትና ሼር የሚያበዛ ልጥፍን ከፍ አድርጎ ማሳየቱ ቁጣን እንደሚያራባ ነው። የሱቁ ልጥፍ በአርባ ደቂቃ የተዛመተው ለጣፊው ብርቱ ስለሆነ አይደለም፤ ጥያቄና መልስ በበዛበት ቁጥር ማሽኑ ለብዙ ሰው እያሳየው ስለሄደ ነው። ለጣፊውን እስር ቤት ብናስገባው ማሽኑ ነገ የሌላውን ያደርሳል። መንግሥት ንግግርን እንዲመዝን ሥልጣን ከመስጠት ይልቅ፣ ኩባንያው ምን እንደሚያጎላ እንዲገልጽና በውጥረት ጊዜ ማጉላቱን እንዲያቆም ማስገደድ ይሻላል፤ ይህን ለማድረግ ማንንም ማሰር አያስፈልግም።

መልስ፦ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

የመጨረሻውን አስተያየት ሰጪ ሥጋት እጋራለሁ፤ የወንድምዎ ጉዳይም አሳዝኖኛል። አዋጁ ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የተለዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ ባለሥልጣንን ወይም መሥሪያ ቤትን መተቸት ደግሞ ከመነሻውም በጥላቻ ንግግር ትርጉም ውስጥ አይገባም። ችግሩ ያለው ሕጉን ከሚያነበው ሰው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የማንሣት ትእዛዝ ከአስፈጻሚው አካል ሳይሆን ከፍርድ ቤት ቢመጣ፣ አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚያስችል ተረኛ ዳኛ ቢኖር እመርጣለሁ።

ፍራንክፈርት ያሉት እህታችን ወይም ወንድማችን ያነሡት የተወካይ ጉዳይ ግን የነገሩ ቁልፍ ነው። ኩባንያው በአገራችን መጥሪያ የሚቀበል ቢሮ ከሌለው፣ መቀጮ የሚቆረጥበት ገቢም በእጃችን ከሌለ፣ መንግሥት የሚይዘው ብቸኛ መሣሪያ ማብሪያና ማጥፊያ ይሆናል። ኢንተርኔት የሚዘጋው ሕግ ስለጠነከረ ሳይሆን ሕጉ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነው።

በዚህ ረገድ ናይሮቢ ያለውን ክርክር እንድትከታተሉት እመክራለሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው፣ የሚኖሩበትንም የሚጠቁሙ ልጥፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው እንደነበር፣ ልጃቸው በተደጋጋሚ ሪፖርት ቢያደርግም በጊዜ እንዳልተነሡ ክሱ ያስረዳል። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የኢትዮጵያን ይዘት የሚመረምሩት ሠራተኞች የነበሩት ናይሮቢ ነውና። ከሳሾቹ የጠየቁት የተጎጂዎች ካሣ ፈንድ ብቻ ሳይሆን፣ በቂ መርማሪ እንዲቀጠርና ጥላቻን የሚያጎላው አሠራር እንዲለወጥም ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ሲል ተቃወመ፤ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሥልጣን አለኝ ብሎ ክርክሩ እንዲቀጥል ወሰነ። የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጉዳይ በጎረቤት አገር ችሎት የሚታየው እዚያ መጥሪያ የሚደርስበት መንገድ ስለተገኘ ነው። ጠያቂው ያነሡት ልጥፍ ከዚያ ክስ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ሳያስደነግጠኝ አልቀረም፤ በሁለቱም ዘንድ አድራሻ አለ።

ጠያቂ፦ የግሩፕ አድሚን፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ለሁለቱ አድሚኖች ሰጠኋቸው፤ ትናንት ምሽት ተቀምጠን ተመካከርንባቸው።

ከእንግዲህ የሰው ቤት፣ ሱቅ፣ የመኪና ሰሌዳ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት የሚታይበት ፎቶ ባለቤቱ ካልፈቀደ በግሩፑ አይለጠፍም። በከተማዋ ውጥረት ሲኖር ማንኛውም ልጥፍ ከመውጣቱ በፊት በእኛ በኩል እንዲያልፍ አድርገነዋል፤ ሦስታችንም አንድ ዓይነት ሰዎች ስለሆንን፣ ከከተማዋ ሌላ ማኅበረሰብ የሆኑ ሁለት ሰዎች አብረውን አድሚን እንዲሆኑ ጠይቀን አንደኛው እሺ ብለውናል። እኚህ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን እኔ ያለፍሁትን አንድ ቅጽል ስም አንሥተው «ይህ እኛ ዘንድ ስድብ ነው» አሉኝ። ሃያ ዓመት ስጠራበት የኖርሁት ስም ነበር። ጠበቃው እንደመከሩን ማስረጃ የምናስቀምጥበት ፎልደርም ከፍተናል፤ የሱቁን ልጥፍ ከአንድ አባል ስልክ ላይ ከነአስተያየቶቹ አግኝተነዋል።

ዛሬ ጠዋት ባለሱቁ ጋ ደወልሁ። ከሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ነው ያለው፤ ልጆቹ እዚያው ትምህርት ጀምረዋል። ለመክሰስ ከፈለገ ማስረጃው እንዳለን ነገርሁት፤ አስቦበት እንደሚመልስልኝ ነገረኝ። ከዚያም ፎቶው አሁንም ቴሌግራም ላይ እንዳለ ጠየቀኝ። አንድ ቻናል ላይ እንዳለ፣ የቻናሉ ባለቤት እንደማይታወቅ፣ ሪፖርት ብናደርግም መልስ እንዳላገኘን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «በሩን ሌላ ቀለም ብቀባውስ?» አለኝ። የምመልስለት አላገኘሁም። ቴሌግራምን በሚመለከት ልምድ ያላችሁ ካላችሁ፣ መልሱን ለእርሱ ነው የማደርስለትና ብትጽፉልኝ።